ሻምበል በየነና የኑርሁሴን ሪባን

ስንቅነሽን ካርቱም፣ አል-ሳሃፋ ሰፈር ውስጥ ሁሉም የሚያውቃት በልብስ ሰፊነቷ ነው። ከዚያ በፊት ግን ወጥ ቤት ነበረች፤ ያውም የአንድ ሻለቃ ጦር ወጥ ቤት። በሰማንያ ሦስት ግንቦት ጦሩ ሲፈርስ ከወታደሮቹ ጋር በእግሯ ድንበር ተሻግራ የሱዳኗ ከሰላ ገባች። የስደተኛ መጠለያው ውስጥ የእርዳታ ዱቄት ጆንያ እየተረተረች ሱሪ መስፋት ጀመረች፤ ኋላ ካርቱም ወርዳ በዚያው ቀረች።

አብረዋት ከገቡት ወታደሮች አምስቱ ካርቱም ነበሩ። ከሁሉም ስሙ የገነነው ሻምበል በየነ ነው። ድንበሩን ሲሻገር አሥር አለቃ ነበር፤ የቀረውን ማዕረግ ያገኘው እዚሁ ካርቱም፣ በየዓመቱ በኢትዮጵያውያን ማኅበር አዳራሽ የሽሽቱን ታሪክ ሲተርክ ነው። ስንቅነሽ ሹመቱን ስትከታተል ኖራለች። "ዘንድሮ ሻለቃ ካልሆንክ አልመጣም" ትለው ነበር።

ካርቱም ራሷ ጦርነት ውስጥ ከመግባቷ በፊት ባለው ዓመት፣ የማኅበሩ ሊቀመንበር ዘማርያም ሱቋ መጣ።

"እትዬ ስንቅነሽ፣ ዘንድሮ ጀግኖቻችንን በደንብ ልናከብር ነው። ለአምስቱ ከትከሻ የሚወርድ ሪባን ስፊልን። ስም በወርቃማ ክር ይጠለፍበት።"

"የሞቱትስ?"

"ለነሱማ የአንድ ደቂቃ የኅሊና ጸሎት አለ እኮ።"

"አምና ሰዓት ይዤብሃለሁ። አርባ ሰከንድ ነው።"

ዘማርያም አፈረ። "ማዕሌሽ፣ ይቅርታ፣ ፕሮግራሙ ስለሚጣበብ ነው።" ማን እንደሚያጣብበው ሁለቱም ያውቃሉ።

"ኸላስ፣ እሰፋዋለሁ" አለችው። ሳትከራከር እሺ ስትል መጠርጠር ነበረበት።

በበዓሉ ቀን አዳራሹ ጢም ብሎ ሞላ። ሻምበል በየነ የተተኮሰ ኮት ለብሶ ከፊት ተቀምጧል፤ ኪሱ ውስጥ አራት ገጽ ንግግር አለ። ዘማርያም የመጀመሪያውን ሪባን ከካርቶኑ አውጥቶ ድምፁን ከፍ አድርጎ አነበበ።

"ወታደር ኑርሁሴን ይማም!"

የተነሣ የለም። ሪባኑን ገለበጠው፣ መነጽሩን ጠረገ፣ ደግሞ አነበበ። ያው ነው።

"ሊመጣ አይችልም" አለች ስንቅነሽ ከኋላ ተነሥታ። "ሞቷል። በየነ ይቀበልለት። ሲቀበል ግን ስለሱ ይንገረን፤ ሰው አያውቀውማ።"

"ስንቄ፣ ይሄ ምን ዓይነት ቀልድ ነው?" አለ በየነ።

"ጣቴ እስኪቆስል ነው የጠለፍኩት። ያላ፣ ውጣ!"

ሰው ሁሉ ዞሮ አፈጠጠበት። በየነ ወጣ፤ ሪባኑን አጠለቁለት። ኪሱን ዳበሰና ተወው፤ አራቱ ገጽ ላይ ኑርሁሴን የሚባል ሰው የለም።

"ኑርሁሴን…" አለ። "ኑርሁሴን የሽንኩርት ሌባ ነበር።"

አዳራሹ በሳቅ ተናጋ።

"ከሷ ወጥ ቤት ይሰርቅና ጥሬውን ይቆረጥመዋል። አጠገቡ መተኛት አይቻልም።"

"ሁለቴ እጅ ከፍንጅ ይዤዋለሁ!" አለች ስንቅነሽ።

በየነ አብሮ ሳቀ። ሳቁ ሲያልቅ ሪባኑን በጣቱ አሻሸ።

"ስንሸሽ መሪው እኔ ነበርኩ ብያችኋለሁ። አልነበርኩም። እግሬ አብጦ ከኋላ ቀርቼ ነበር። አብሮኝ የቀረው እሱ ነው። ጎኑን መመታቱን አልነገረኝም። ኮዳውን ሰጠኝና 'ቅደም፣ እደርስብሃለሁ' ብሎ ዛፍ ሥር ተቀመጠ። ከሰላ ገብቼ ሦስት ቀን መንገድ ላይ ጠበቅኩት።"

ሰዓት ያየ ሰው አልነበረም።

ቀጥሎ ከአምስቱ አንዱ፣ ባሕሪ ሰፈር ጎማ የሚጠግነው ሚልዮን ተጠራ። የደረሰው የሟቹ የመቶ አለቃ ቃለአብ ሪባን ነው። ቃለአብ ካርታ ሲጫወት እንዴት እንደሚያጭበረብር በእጁ እያሳየ ሲተርክ፣ አንዲት አሮጊት ከሳቃቸው የተነሣ ውሃ ተሰጣቸው። የቀሩት ሦስቱም እንዲሁ ተናገሩ። ዘማርያም ያሳተመውን የምስክር ወረቀት ማደል ረስቶ ይዞት ተመለሰ።

ከቀናት በኋላ በየነ ሱቁ በር ላይ ቆመ። ስንቅነሽ ሊጣላት የመጣ መስሏት መቀሷን አስቀመጠች።

"ልጆቼ ስለ ኑርሁሴን መጠየቅ አላቆሙም" አለ።

"ታዲያ ንገራቸዋ።"

"እየነገርኩ ነው።" ወንበር ስቦ ተቀመጠ። "ከሪባኑ ጨርቅ የተረፈ አለሽ? እየዘፈነ ይነዳ የነበረውን የጦራችንን ሹፌር ረስተሽዋል፤ ሳሊህን።"

"አልረሳሁትም፤ የአባቱ ስም ጠፍቶኝ ነው እንጂ።"

"ሚልዮን ሳያውቅ አይቀርም" አለና ስልኩን አወጣ።