እጀታው በሽቦ የታሰረው ምሳ ዕቃ

አንድ ሽማግሌ ጸልዬ ከሞት መልሻለሁ። ማንም አያምነኝም፤ ሚስቴም አላመነችኝም። እንጅባራ ውስጥ ሬዲዮና ሞባይል በመጠገን የሚደርስብኝ የለም፣ ያውም ማንም ሳያስተምረኝ። የሞተ ሬዲዮ ስንቱን አስነስቻለሁ። ሰው ግን እሳቸው ብቻ ናቸው።

ያሳሰረኝ ቀልድ ነው። ሰልፍ ተወጥቶ መንግሥት ኔትወርክ በቆረጠ ሰሞን፣ ከጸሎት ወንድሜ ጋር እቤቱ ተንበርክከን ጸልየን ስንነሳ፣ "ያለ ኔትወርክ የሚደርስ ጸሎት ብቻ ቀረ፤ የሱንም ገመድ ቢያገኙት ይቆርጡት ነበር" አልሁት። ሳቀ። ቤቱ ውስጥ ከሁለታችን በቀር ሰው አልነበረም።

በሳምንቱ ያዙኝ። መርማሪው ያንኑ ቀልድ ከወረቀት አነበበልኝ። አነባበቡ ቀልዱን ገደለው። እኔና ያ ሰው አሥር ዓመት አብረን ጸልየናል፤ ዳቦ ይዘን የማናውቃቸውን እስረኞች የምንጠይቀውም እኛ ነበርን።

የታሰርሁባት ክፍል ጠባብ ናት። አሥራ አንድ ሰው በተራ እንተኛለን፤ የሲሚንቶው ብርድ አጥንት ይገባል። ጥጉ ላይ ከአዘና ገጠር የመጡ ሽማግሌ ነበሩ። "ልጅህን አምጣ" ተብለው ነው የታሰሩት። ልጁ ከሰልፉ ቀን ጀምሮ የለም። ሞቷል ብለው ደምድመው ሦስት ቀን እህል አልቀመሱም። አማርኛ ብዙ አይሆንላቸውም፤ እኔ ደግሞ አዊኛ ከእናቴ አለኝ። ጎናቸው ተቀመጥሁ።

"አባቴ፣ ትንሽ ይቅመሱ።"

"ለማን ብዬ?"

ከዳንግላ የመጣ ሙስሊም ነጋዴ አብሮን ታስሯል፤ ምግቡን የሚያካፍለኝ እሱ ነበር። "አንተ ጴንጤ፣" አለኝ፣ "ውጭ ሳለህ ጸሎትህ ሰፈር አያስተኛም ነበር አሉ። ለኒህ አባት ሲሆን ምን ዘጋህ?"

እውነቱን ነው። መርማሪው ካነበበልኝ ወዲህ ዓይኔን ስጨፍን የሚመጣብኝ የዚያ ሰው ጉልበት ነው፣ ከጉልበቴ አጠገብ እንደተንበረከከ።

በማግሥቱ ቀትር ላይ ፖሊሱ ምሳ ዕቃ አቀበለኝ። ምግብ አልጠበቅሁም። ሚስቴ እናቷን ልታስታምም ጥሊሊ ሄዳለች፤ ስልክ ስለማይሠራ መታሰሬንም አልሰማችም።

"ወንድሙ ነኝ ያለ ሰው ነው ያመጣው" አለ ፖሊሱ። "በር ላይ አስቀምሼዋለሁ።"

ደንቡ ነው፤ ምግብ ያመጣ ሁሉ ፖሊስ ፊት ሳይቀምስ አያስገባም። እጀታውን አየሁት። ተሰብሮ በስልክ ሽቦ ያሰርሁለት እኔ ነኝ፤ ሥራዬን የትም ባየው አውቀዋለሁ። በመሰከረብኝ አፉ ቀምሶ ላከልኝ።

ክዳኑን ከፈትሁ። የድንች ወጥ በእንጀራ፣ ገና ትኩስ። ወደ ሽማግሌው ገፋሁት።

"አንተስ?" አሉኝ።

"አልራበኝም።"

"ማነው የላከው?"

ዋሽቼ አላውቅም አልልም። ያን ቀን ግን ውሸቱ እምቢ አለኝ። "ያሳሰረኝ ሰው ነው" አልሁ።

ምሳ ዕቃውን አዩት፤ እኔን አዩኝ። "አንተ የማትበላውን እኔን ብላ ትለኛለህ?" መልሰው ወደ እኔ ገፉትና፣ "ጸልይበትና ብላ። ያን ጊዜ እበላለሁ" አሉ።

ዓይኔን ጨፈንሁ። ያ ጉልበት መጣ። ይቀመጥ ብዬ ተውሁት። በአዊኛ ጸሎት ማሳመር አላውቅበትም፤ የመጣልኝን አልሁ፦ "ጌታ ሆይ፣ የኒህ አባት ልጅ የት እንዳለ አንተ ታውቃለህ፣ እኛ አናውቅም። ብቻቸውን አትተዋቸው። ይኼ እንጀራ ደግሞ ጉሮሮዬን አላልፍ ብሎኛል፤ አግዘኝ።"

"አሚን" ያለው ነጋዴው ነው፣ ቋንቋውን ሳይሰማ።

መጀመሪያ እኔ ጎረስሁ። ለመዋጥ ጊዜ ፈጀብኝ። ከዚያ ጠቅልዬ ለሽማግሌው ዘረጋሁ። አፋቸውን ከፈቱ። ቀስ ብለው አኝከው ዋጡና፣

"ጨው አንሶታል" አሉ፣ በዚያች በጥቂት አማርኛቸው።

ክፍሉ ሁሉ ሳቀ፤ እኔም ሳቅሁ። ስለ ልጃቸው እስክንለያይ ምንም አልሰማንም። ግን ይበሉ ነበር።

ያ ሰው ዛሬም ጉባኤ ላይ ከኔ ፊት ሁለት ወንበር አልፎ ይቀመጣል። "ጌታ ይባርክህ" ይለኛል፤ "አሜን" እላለሁ። ይቅር ብለኸዋል ወይ የሚሉኝ አሉ። እንጀራውን በልቼለታለሁ፤ የደረስሁት እስከዚያ ነው።

አላምንህም ያለኝ ዳንግላ ገበያ ገብቶ ነጋዴውን ይጠይቅ። አዘና ወርዶ ሽማግሌውን ይጠይቅ፤ ጨው እንዳነሰው ይነግሩታል። ስፈታ ይዤው የወጣሁት ምሳ ዕቃ ታጥቦ ሱቄ መደርደሪያ ላይ ተቀምጧል። ባለቤቱ ይኸው እስከ ዛሬ ዕቃዬን ብሎ አልመጣም። ለምን እንደሆነ እሱንም ጠይቁት።