ከብስክሌታቸው ያልወረዱበት ቀን

አጎቴ ካረፉ አርባ ቀን አለፈ። ከመተማ ወጥቶ በሰሊጥ እርሻዎቹ መሃል በሚያልፈው ኮረኮንች መንገድ ዕድሜያቸውን ሙሉ ብስክሌት ነድተዋል። ድሮ ውጊያ የተደረገበት ሜዳ ሲደርሱ ግን ሁልጊዜ ይወርዱና ቆባቸውን አውልቀው፣ ብስክሌቱን እየገፉ በእግራቸው ያልፉ ነበር። በራሴ ብስክሌት ከኋላ የምከተላቸው እኔም እወርድ ነበር። «ልጄ፣ እዚህ ስንት ሰው ወድቋል! በላያቸው አይነዳም» ይሉኝ ነበር።

አንድ ዓመት፣ በሰሊጥ አረም ወቅት፣ ከጎጃም ለሥራ የመጣ የቀን ሠራተኛ ወባ ጥሎት መንገድ ዳር አገኘነው። ብንጠብቅ ብንጠብቅ መኪና አላለፈም። አጎቴ ጤና ጣቢያ ሊያደርሱት ሰውየውን ብስክሌቱ ላይ ከኋላቸው አስቀመጡና እንዳይወድቅ በነጠላቸው ከወገባቸው ጋር አሰሩት። ያኔ ሰባ ዓመት አልፏቸው ነበር። ሜዳው ጋ ስንደርስ እኔ እንደ ልማዴ ወረድኩ፤ እሳቸው ግን አልቆሙም።

«ጋሼ፣ አይወርዱም?» ብዬ ጮህኩ።

«በሕይወት ያለው ይቅደም! እነሱም ቢሆኑ ‹ንዳ!› ነው የሚሉኝ» አሉ፣ ፔዳሉን እየረገጡ።

ጤና ጣቢያው በር ላይ ሲደርሱ እግራቸው እየተንቀጠቀጠ መቆም አቅቷቸው ነበር። ሰውየው ግን ዳነ።

ለአርባቸው ከጎጃም ድረስ መጣ። ለተሰበሰበው ሰው ሁሉ «እኔ በእኒህ ሰው ጀርባ ላይ ታስሬ ነው የተረፍኩት» እያለ ሲናገር፣ እያለቀስኩም ኮራሁ።

በማግስቱ ብቻዬን ያንን መንገድ ነዳሁ። ከፊቴ የሚሄድ ጀርባ የለም። መንገዱ ያን ያህል ሰፊ መሆኑን ያወቅኩት ገና ያን ቀን ነው።