ለቆመ መኪና አይከፈልም

እናቴ ከዓረብ አገር የተመለሰች ቀን እኛ አውሮፕላን ማረፊያውን ስንዞረው አረፈድን። አልገባንበትም፤ ዝም ብለን ዞርነው። ይኼን ለክፍል ጓደኞቼ ስነግራቸው «አንቺ ደግሞ!» ብለው ይስቁብኛል። እኔም አንዳንዴ አልሜው ይሆን እላለሁ፤ አጎቴን ስጠይቀው ግን ስለሚያፍር እውነት መሆኑን አውቃለሁ።

ትንሹ ወንድሜ እናታችን ስትሄድ ገና ድክ ድክ የሚል ሕፃን ነበር። ጎረቤቶች «ካየሽ ያለቅሳል፣ አንቺም እግርሽ እንቢ ይልሻል፤ ሲተኛ ውጪ» አሏትና ተኝቶ ሳለ ወጣች። ከዚያ ወዲህ እናት ማለት ለእሱ ስልክ ውስጥ ያለች ድምፅ ናት፤ ደግሞም ከፍ ብሎ የሚያልፍ አውሮፕላን ናት። በሶዶ ሰማይ ላይ አውሮፕላን ነጭ መስመር እየሳበ ሲያልፍ ግቢው መሀል ቆሞ እጁን ያውለበልባል። መስመሩ ይሰፋል፣ እንደ ጥጥ ይባዘታል፣ ከዚያ ዳሞታ ተራራ ላይ ደመና መስሎ ይቀራል። መስመሩ እስኪጠፋ እሱ ወደ ቤት አይገባም። እኔም ልጠራው ወጥቼ አብሬው ቆሜ እቀራለሁ፤ ወጡ ያርራል።

ልትመጣ ስትል ደወለችና ከእኔ አንድ ነገር ብቻ ለመነችኝ።

«ተኝቶ ነው የተውኩት። ነቅቶ ልየው። አደራሽን የኔ ልጅ፣ ስመጣ እንዳይተኛ።»

«እሺ እማዬ» አልኳት። ቀላል መስሎኝ።

ልንቀበላት የሄድነው በአጎቴ ሚኒባስ ነው። አጎቴ የእናቴ ታናሽ ወንድም ነው፤ ከሶዶ ቦዲቲ ይሠራል። አባቴ ኮንትራት መኪና ሊይዝ ሲል «ሕፃን ታቅፋችሁ፣ ሻንጣ ተሸክማችሁ፣ በዚያ ላይ ብር ልታቃጥሉ? እኔ ሞቻለሁ?» ብሎ ተቆጣ። ዋዜማውን አዲስ አበባ ዘመድ ቤት አደርን። ወንድሜ ግን በደስታ ዓይኑን ሳይከድን አደረ። ጠዋት ፊቱን ሳየው ያኔ ነው አደራው ቀላል እንዳልሆነ የገባኝ።

አባቴ ተቀባዮች ከሚቆሙበት ወረደ። ቀይ፣ ቢጫና ጥቁር መስመር ያለውን የወላይታ ዱንጉዛ አንገቱ ላይ ጣል አድርጎ «ይኼን ከሩቅ ያየዋል» አለ። «ያየዋል» የሚለው እናቴን ነው። አባቴ ቤት ውስጥ ወላይትኛ ነው የሚናገረው፤ ከእናቴ ቤተሰቦች ጋር ግን ለክብራቸው ብሎ በአማርኛ ነው። በእሱ አማርኛ ደግሞ ሴቱም ወንዱም አንድ ነው። ለምደነዋል፣ አንሰማውም እንኳ።

እኛ ወደ መኪና ማቆሚያው ስንጠጋ በሩ ላይ ያለው ወጣት እጁን ዘረጋ። «ትኬት ቁረጡ ጋሼ።»

«የምን ትኬት?» አለ አጎቴ።

«የፓርኪንግ ነዋ። በሰዓት ነው።»

አጎቴ ትክ ብሎ አየው። «ወንድሜ፣ እኔ ሹፌር ነኝ። ሰው የሚከፍለኝ መኪናው ሲሄድ ነው። ለቆመ መኪና ይከፈላል እንዴ?»

«እዚህ ይከፈላል።»

«እንግዲያው አይቆምም!» አለና መሪውን አዞረ።

ዞርን። አደባባዩን ይዘን ሄድን፣ ሩቅ ታጥፈን ተመለስን፣ አባቴን አየነው፣ አባቴ እጁን አወዛወዘ፣ ገና ነው ማለት ነው፣ ደግሞ ሄድን። «ነዳጁስ አጎቴ?» ስለው «ነዳጅ የመኪና ምግብ ነው፤ ቢበላ አያስቆጭም» አለኝ። እየቆየ የማየውን ነገር ሁሉ ከዚህ በፊት ያየሁት መሰለኝ፤ አይቼዋለሁም። ያው ዛፍ፣ ያቺው ጥላ የያዘች ሴትዮ፣ ያው ባንዲራ። አውሮፕላኖቹ ከጭንቅላታችን በላይ ዝቅ ብለው ሆዳቸውን እያሳዩን ያልፋሉ። የእኛ አገር አውሮፕላን ክር ነው። እዚህ ግን ቤት ያህላል፣ ጥላው መንገዱን ተሻግሮ እኛንም ለአፍታ ያጨልመናል፣ ከዚያ ፀሐይ ትመለሳለች። ወንድሜ አፉን ከፍቶ ቀረ።

«እማዬ በየትኛው ናት?»

«ከነዚህ በአንዱ።»

«በመስኮት ታየናለች?»

«ታየናለች።»

«እንግዲያው አጎቴን ቁም በይው! ሲሮጥ አታውቀንም!»

አጎቴ ሳቀ እንጂ አልቆመም። ትንሽ ቆይቶ የወንድሜ አንገት መላላት ጀመረ። ሙዝ ሰጠሁት፣ ግማሹን አፉ ውስጥ ይዞ ዓይኑ ተከደነ። ዘፈንኩለት፤ ባሰበት። «እንቅልፍህ መጣ?» ስለው «አልመጣም» ይላል፣ በእንቅልፍ ድምፅ።

«አጎቴ፣ ሊተኛብኝ ነው! ክፈልና ቁም በቃ!»

«አባትሽ አሁን ይደውላል፣ ትንሽ ታገሺ።»

«እማዬ አደራ ብላኛለች!» ድምፄ ሊሰበር ሲል ነው መሰለኝ ደነገጠ። ማቆሚያው ውስጥ ግን አልገባም፤ ቆም ማለት ክልክል የሆነበት መንገድ ዳር ጥግ ያዘ። «ቶሎ በይ። ትራፊክ ካየሽ ጩኺ።» ልጁን አውርጄ መኪናው ውስጥ ካለው ጀሪካን ውሃ በእፍኜ ፊቱን አጠብኩት። ጮኸ፣ ከዚያ ሳቀ፣ እኔም ላይ ረጨብኝ። ነቃልኝ!

ይኼኔ የአጎቴ ስልክ ጮኸ። የአባቴ ድምፅ ውጭ ድረስ ይሰማል።

«መጣ! መጣ! መጣ!»

አጎቴ ጠዋቱን ሙሉ ትራፊክ ሲፈራ የቆየ ሰው ነው። ማን እንደመጣ አልጠየቀም። «ግቡ! ግቡ!» ብሎ እኔንም ወንድሜንም እንደ ከረጢት ወርውሮ ነዳው። በአባቴ ፊት ለፊት ሽው አልን። በኋላው መስታወት ዱንጉዛው ሲውለበለብ አየሁ፤ ከጎኑ ሻንጣ የተጫነበት ጋሪ የያዘች፣ ሻርፕ የተከናነበች ሴት እጇን አንሥታለች። እያነሰች፣ እያነሰች፣ ጣት አከለች።

«አጎቴ፣ እማዬን አለፍናት!»

«ትራፊኩ ነው!»

«ኧረ እማዬ ናት!»

መመለሻ የለውም፣ መንገዱ ወደ አንድ ወገን ብቻ ነው፤ እስከ ሩቁ መታጠፊያ መሄድ አለብን። ፀሐዩ በመስኮት ይገባል፣ መኪናው ያወዛውዛል። ወንድሜ ክንዴ ላይ ተደገፈና፣ በቃ፣ ተኛ። ጠራሁት። ዓይኑ ላይ እፍ አልኩበት። ከንፈሩን ብቻ አንቀሳቀሰ። እንባዬ መጣ። አንድ ነገር ነው የለመነችኝ፣ አንድ ነገር!

ስልኩ ደግሞ ጮኸ። «ወዴት ነው የምትሮጠው! መጣ እኮ አልኩህ!»

«አሁን ሄደልህ?» አለ አጎቴ።

«ማን?»

«ትራፊኩ!»

«የምን ትራፊክ? ሚስቴ ነው የመጣው! እህትህ ነው!»

አጎቴ እግሩን ከነዳጁ ላይ አነሣ። ከዚያ ቀስ ብሎ «ሚስትህ… መጣ?» አለና መሪውን እየደበደበ ሳቁን ለቀቀው። በስልኩ ውስጥም አንዲት ሴት ትስቃለች። «አንተ የማትረባ! እህትህን ሜዳ ላይ ጥለህ ትሮጣለህ?» አጎቴ ይባስ ጮኾ ሳቀ፣ መኪናው ራሱ አብሮ የሚስቅ እስኪመስል።

ወንድሜ ብድግ አለ። «ምንድነው? ማናት የምትስቀው?»

«እማዬ ናት» አልኩት፣ እንባዬን በእጄ እየጠረግኩ።

«የስልኳ?»

«የስልኳ። ግን እዚህ ናት።»

በሩ ላይ ያ ወጣት «ተመለሳችሁ ጋሼ?» አለ። «ተመለስን። ቁረጥ» አለ አጎቴ፣ አንገቱን ሰበር አድርጎ።

እናቴ በመኪኖቹ መሀል ስትመጣ ጋሪውን ለቀቀችው። ሮጣ ታቅፈዋለች ብዬ ነበር። እሷ ግን ትንሽ ራቅ ብላ ተንበረከከች፣ እጆቿን ጭኗ ላይ አድርጋ ጠበቀች። ወንድሜ ቆሞ አያት። መዳፉን ሱሪው ላይ ጠረገ፣ የአባቴ ዘመዶች እንግዳ ሲመጣ እንዳስተማሩት እጁን ዘረጋና በወላይትኛ «ሳሮ» ብሎ ሰላም አላት።

«ሳሮ» አለች እናቴ፤ በሁለት እጇ ተቀበለችው። «ሳሮ የኔ ጌታ። አልተኛህም?»

«አልተኛሁም!» አላት። እኔም አላጋለጥኩትም።

ወዲያው እንሂድ ስንል አጎቴ እንቢ አለ። «ከፍለን? ቁጭ በሉ፣ ሰዓታችንን እንጨርሳለን!» እዚያው መኪናው በር ላይ ተቀምጠን፣ ከሶዶ ያመጣነውን ማንጎ እየላጥን፣ እናቴን አገላብጠን ስመን፣ ሰዓታችንን ጨረስን።

ወደ ቤት ስንመለስ ወንድሜ እናቴ ጭን ላይ አልተቀመጠም፤ ከጎኗ ሆኖ ግን አገሩን ያሳያት ጀመር። እንቅልፍ የሚባል ነገር ረሳ። «ይኼ ሀላባ ነው። ይኼ ሾኔ ነው።» ቦዲቲ ስንገባ፣ እናቴ ተወልዳ ያደገችበት ከተማ፣ ጣቱን መስታወቱ ላይ አድርጎ «ይኼ ደግሞ ቦዲቲ ይባላል፤ ገበያ አለው» አላት።

አጎቴ ሳቁን ሳል አስመሰለው። እናቴ በክርኗ ጎሸም አደረገችው።

«እንዴ! ትልቅ ነው?»

«መካከለኛ ነው።»

«ከዚህ በኋላስ ምን አለ?»

«ቤታችን» አለ። ትንሽ ጠጋ አላት። «አታውቂውም አይደል? እኔ አሳይሻለሁ።»