ከብቶቹ የሚከርሙበት ጉብታ

ንጋት፣ ወረታ

ጎህ ሲቀድ ከመንገዱ መገንጠያ ባጃጅ ያዝን። የሚሠሩትን ቤቶች የሚያጠናው ባለሙያ፣ ከቀያቸው ተፈናቅለው በመጡት ሰዎች የተመረጡት ወይዘሮ ዝናሽና የቀበሌው ሽማግሌ እኔ ነን። ወይዘሮ ዝናሽ ልጆቻቸውን ይዘው ሁለት ክረምት በሸራ ቤት አሳልፈዋል። የምንሄደው ለእሳቸውና ለመሰሎቻቸው ቤት የሚሠራበትን መሬት ልናይ ነው።

«አባ፣ ጠጋ በሉ እንጂ! አውቶቡስ አደረጓት እንዴ?» ይለኛል ሾፌሩ።

«ከዚህ በላይ ከጠጋሁማ መሪው የኔ ነው» አልሁት።

ረፋድ፣ ቁሐር ሚካኤል

ሜዳው ደርቋል፤ መሬቱ እግር እስኪያስገባ ተሰነጣጥቋል። የሩዝ ገለባ ክምር፣ ላሞች፣ አቧራ። ባለሙያው ለጥ ያለውን የወል ግጦሽ አሳየን። ለመንገድ ቅርብ ነው፣ ማንም አላረሰውም። እኔም መሬቱ በተመረጠበት ስብሰባ እጄን አውጥቼለት ነበር። የተማረ ሰው ሲናገር ማቋረጥ ነውር መስሎኝ።

ወይዘሮ ዝናሽ መሬቱን ትተው ላሞቹን ያያሉ።

«አባቴ፣ እነዚህ ክረምት የት ነው የሚውሉ?»

«ያ ጉብታ ላይ። እዚህማ ውሃው ይተኛበታል» አልሁ።

«ታዲያ ላም የምትሸሸው መሬት ላይ እኔን ልታስቀምጡኝ ነው?»

አፈርሁ። ባለሙያውም ወረቀቱን አጠፈ። «ጉብታውን ግን ገበሬው ይለቃል?» አለኝ።

ቀትር፣ ከጉብታው ዛፍ ሥር

ገበሬዎቹ ተሰበሰቡ፤ ቤቶቹ ጉብታው ላይ እንዲሠሩ ጠየቅናቸው። የተቆላ ሽምብራ ቀረበ። ብዙ ከብት ያለው ፈንቴ ቀድሞ ተነሣ።

«ከብቶቻችን ዋና ይማሩ?»

ሳቁ። ወይዘሮ ዝናሽ አልሳቁም። «ሙሉውን አልጠየቅሁም። እኔም ላሞች ነበሩኝ» አሉ።

ፈንቴ ሽምብራውን እያኘከ በበትሩ መሬቱን እየጫረ ጉብታውን ከጫፍ ጫፍ ሄደ።

«ከዚህ ወዲህ ለሰው፣ ወዲያ ለከብት። የኔን በሬዎች አንበሳሜ ያለው ወንድሜ ዘንድ አከርማለሁ። ዝናብ ሳይጥል ቤቶቹን በደቦ እናቆማለን። አንተ ልጅ፣ ጻፈው!» አለው ባለሙያውን።

ሌሎቹም ተከተሉ። አንዱ እንጨት፣ አንዱ ገለባ እሰጣለሁ አለ። ዕድሜዬን እዚህ ሜዳ ላይ ፈጅቻለሁ፤ እንደዚያ ቀን በሰፈሬ ሰው ኮርቼ አላውቅም።

ወይዘሮ ዝናሽ ድንጋይ አንሥተው ደጃፋቸው የሚሆንበት ላይ አኖሩ። «በሩ ወደ ከብቶቹ ይዙርልኝ፤ ጎረቤቶቼ ናቸው» አሉ።

አመሻሽ፣ ወረታ

ስንመለስ ፈንቴ የሰጣቸው የሽምብራ ስልቻ ጭናችን ላይ ነበር።

«አሁንስ ጠበበ» አለ ሾፌሩ።

«ንዳው ልጄ፤ ይበቃናል» አሉት ወይዘሮ ዝናሽ።