ደጋ የሌለው ደሴት

ቅዳሜ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ከደብረ ብርሃን የተነሣሁት ክፉ ወሬ ፍለጋ ነው። ሚስቴ ስንዱ በመሥሪያ ቤቷ ለታታሪ ሠራተኛ የሚሰጠውን ሽልማት አገኘች፤ ለሁለት ሰው ዛንዚባር ላይ የአምስት ቀን ዕረፍት። ከተማውን፣ ሰሜኑን ወይም ምሥራቁን የባሕር ዳርቻ መርጣ ሰኞ ማሳወቅ አለባት። «አንተ ምረጥ» አለችኝ።

እኔ ውኃ እፈራለሁ። ሰባተኛ ክፍል ሳለሁ በሬሳ ወንዝ ሞልቶ ወስዶኝ፣ ቁጥቋጦ ይዤ ነው የተረፍኩት። በአሥራ ሁለት ዓመት ትዳራችን ይህን ለስንዱ ነግሬያት አላውቅም። አባወራ «ፈራሁ» ይላል እንዴ? ሳምንቱን ሙሉ ዛሬ ነገ እያልኩ ሳለባብስባት፣ «ዝም አትበል እንጂ፤ አልሄድም ካልክ አልሄድም በል» አለችኝ ቆጣ ብላ። ደስታዋን የማበላሽባት መሰለኝ።

ከአንኮበር ተራራ ሥር ባለችው የቆላ ከተማ አልዩ አምባ፣ ጋሽ ሁሴን የሚባሉ ሽማግሌ አሉ። በወጣትነታቸው ጅቡቲ የጭነት መርከብ ላይ ምግብ አብሳይ ነበሩ፤ መርከባቸው ተበላሽቶ እስኪጠገን ዛንዚባር ከርመዋል። ደብረ ብርሃን ገበያ ውስጥ ጨርቅ የሚሸጠው ልጃቸው ወዳጄ ነው፤ «ሂድና አባቴን ጠይቅ» ያለኝ እሱ ነው። ስለ ማዕበልና ስለ ሻርክ የሚያስደነግጥ ነገር ይዤ ብመለስ ስንዱ ራሷ ትተወዋለች ብዬ ተስፋ አደረግሁ።

ጎረቤላ፣ ሦስት ሰዓት

ሚኒባሱ መቶ ሰማንያ ብር አስከፍሎ የአንኮበር ወረዳ ከተማ ጎረቤላ አወረደኝ። ብርዱ አጥንት ይሰብራል። ትኩስ ዳቦ በሻይ በልቼ፣ ወደ አልዩ አምባ የሚወርድ አሮጌ የጭነት መኪና ጋቢና ውስጥ ተሳፈርኩ።

ቁልቁለቱን ገና ስንጀምር ጉሙ ዋጠን። የመኪናው አፍንጫ እንኳ አይታይም። ሾፌሩ ቆመና፣ «በር ጋ ያለኸው ወንድሜ፣ ወርደህ ከፊት ከፊት ሂድልኝ» አለኝ። በር ጋ ያለሁት እኔ ነኝ።

ወረድኩ። የስልኬን መብራት አብርቼ በአንድ እጄ የተራራውን ግድግዳ እየዳሰስኩ ሄድኩ። እግሬ የነካት ጠጠር ተንከባልላ ስትሄድ ሰማሁ፤ ስታርፍ ግን አልሰማሁም። ፈሪ ለእናቱ ይባላል፤ እኔም በዚያች ሰዓት ወደ ኋላ መመለስ ነበር የፈለግሁት። ከፊቴ የአህያ ኮቴ ተሰማኝ።

«መንገዱ በየት በኩል ነው?» አልኩ።

«ድምፄን ተከተል ወንድምዬ። ወደ ግራ እንዳትል፣ ገደል ነው» አለች አንዲት ሴት።

መልኳን ሳላይ፣ አህዮቿን «ሂድ፣ ቼ» ስትል እየሰማሁ ግማሽ ሰዓት ተከተልኳት፤ መኪናውም ከኋላዬ ቀስ እያለ ይከተለኛል። ከጉሙ በታች ስንወጣ እሷ ወደ ሰፈሯ ታጥፋ ሄዳለች። ሸሚዜ በላብ ርሷል፤ ከሙቀቱ ይሁን ከፍርሃቱ አላውቅም።

አልዩ አምባ፣ ስድስት ሰዓት

ጋሽ ሁሴንን ከደጃቸው ፓፓያ ጥላ ሥር ተቀምጠው አገኘኋቸው።

«እንደምን ዋሉ ጋሽ ሁሴን?»

«አልሐምዱሊላህ። ና ተቀመጥ፣ ልጄ ደውሎ ነግሮኛል።»

ሻዩ ቅርንፉድ በዝቶበታል። «ይኸን ዛንዚባር በየመንገዱ ዳር ምንጣፍ ላይ ያሰጡታል» አሉኝ። «ሽታው ገና ሳንደርስ ይቀበለን ነበር።»

እኔ ግን የቸኮልኩበት ነገር ነበረኝ። «ደጋው በየት በኩል ነው?» አልኳቸው። እኛ የደብረ ብርሃን ሰዎች የትም አገር ብንሄድ መጀመሪያ የምንጠይቀው ደጋውን ነው።

እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ። «ደጋ የለውም። ጉብታ አለው፤ እሱንም ወጣሁ ሳትል ትጨርሰዋለህ።»

«ሻርክስ?»

«እኔ ያየሁት ተጠብሶ ነው።»

«ማዕበሉስ?»

ሲኒያቸውን አስቀመጡ። «ልጄ፣ የመጣኸው ልትጠይቅ ነው ወይስ ልታስቀር?»

አፈርኩ። ከዚያ ስለ በሬሳ ነገርኳቸው፤ ለሰው ስናገር የመጀመሪያዬ ነው። አልሳቁብኝም።

«እኔም ዋና አልችልም» አሉ። «ዘጠኝ ዓመት መርከብ ላይ ስኖር፣ ወላሂ፣ አንድ ቀን ውኃው ውስጥ አልገባሁም።»

«ታዲያ እንዴት ኖሩ?»

«እየፈራሁ ነዋ። አንተ ምሥራቁን ምረጥ። እዚያ ባሕሩ በየቀኑ ርቆ ይሸሻል፤ ሴቶቹ በእግራቸው ገብተው የባሕር ሣር በገመድ ላይ አስረው ያለማሉ። ተመልሶ ይመጣል ታዲያ፣ አይቀርም። ሰዓቱን እነሱ ያውቁታል፤ ሲገቡ ግባ፣ ሲወጡ ውጣ። ዛሬስ ጉሙን እንዴት አለፍከው?»

«አንዲት ሴት በድምፅ መርታኝ።»

«እንግዲያ» አሉና ሻዬን ሞሉልኝ። ስነሣ ሁለት ፓፓያ በፌስታል አስያዙኝ።

ወደ ቤት

በመኪና ስመለስ ጉሙ ተገፏል። ጠዋት የረገጥኩትን መንገድ አየሁት፤ አንዳንዱ ቦታ ላይ ከመኪናው ጎማ እስከ ገደሉ አንድ ክንድ አይሞላም። እስከ ጎረቤላ ዓይኔን ጨፍኜ ወጣሁ።

ደብረ ብርሃን አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ገባሁ። ስንዱ ቅጹን ጠረጴዛ ላይ ዘርግታ ትጠብቀኛለች። መንገድ ላይ ያዘጋጀሁት ንግግር ሁሉ ጠፋኝ።

«ምሥራቁ ይሁን» አልኳት። «ውኃ ስለምፈራ ነው።» የበሬሳን ነገር እስከ መጨረሻው ነገርኳት።

ትስቅብኛለች ብዬ ጠበቅሁ። እሷ ግን ብዕሩን አስቀመጠች። «አውሮፕላኑ አየር ላይ ስንት ሰዓት ነው የሚቆየው?»

«ሦስት ሰዓት ቢሆን ነው።»

«ሳስበው ትንፋሼ ያጥረኛል» አለች ቀስ ብላ። «መሥሪያ ቤቱ በሙሉ አጨብጭቦልኝ እንዴት ፈራሁ ልበል? አንተ ምረጥ ያልኩህ እንቅር ትላለህ ብዬ ነበር።»

ሁለት ፈሪዎች አሥራ ሁለት ዓመት በአንድ ጣሪያ ሥር ደፋር መስለን ኖረናል። ይህን ለማወቅ ቆላ ድረስ ወርጄ መመለስ ነበረብኝ። ፍርሃቴ አለቀቀኝም፤ አሁንም ባሕር ሲባል መዳፌን ያልበኛል። የምፈራው እኔ ብቻ አለመሆኔን ግን ተማርኩ።

«ታዲያ እንቅር?» አልኳት።

ብዕሩን መልሳ አነሣች። ከዚያ ምሥራቁ ላይ ምልክት አድርጋ ፈረመች።

«የመስኮቱን ወንበር ግን አንተ ትይዛለህ» አለችኝ።

እሺ አልኩ። ከመስኮቱ የሚታየው ባሕር መሆኑን ሁለታችንም አላነሣንም።