የፍየሏ ጥያቄ

ልጅ ሳለሁ የሰው ጥርስ ሲታመም ደስ ይለኝ ነበር። ከገነተ ማርያም በታች ባለችው መንደራችን ጥርሱን ያመመው ሁሉ ሲመሽ አክስቴ ትብለጥ ዘንድ ይመጣል፤ እሷም ጥርስ ስታጥን ተረት ስለምትናገር ያኔ እኛ ልጆች ቤቱን ሞልተን እንቀመጣለን። አስተናግር የሚባለውን ተክል ፍሬ ፍም ላይ ትበትንና ጫፉ የተቆረጠ የበሬ ቀንድ ትደፋበታለች፤ በሽተኛው ጋቢ ተከናንቦ በቀንዱ ጫፍ የሚወጣውን ጭስ በአፉ ይቀበላል። በቤቱ ሰዓት ስላልነበረ የጭሱ መለኪያ ተረቱ ነበር። ጅብ ጥርሱን አሞት ፍየል ቤት መድኃኒት ሊለምን ይሄዳል፤ ፍየሏም አክማ ትሸኘዋለች። «ጅቡም ተሽሎት ዋሻው ገባ» ስትል ፍሙን በአመድ ታዳፍነዋለች።

«ከዚህ ካለፈ ጥርስ ማደንዘዙ ቀርቶ አእምሮ ይነሳል» ትለን ነበር። «አፍ ያደርቃል፣ ዐይን ያፈጣል፣ የሌለ ሰው ያሳያል። ሲብስም ይገድላል።»

አክስቴ ደምሴ የሚባል አንድ ልጅ ብቻ ነበራት። ብሔራዊ ውትድርና ሲመጣ የገበሬ ማኅበሩ ሊቀመንበር ደምሴን አሳፍሶ ላከው። የተጠራው የሊቀመንበሩ የወንድም ልጅ ነበር እየተባለ ይንሾካሾካል፤ ደፍሮ የሚናገር ግን የለም። የደምሴም ወሬ በዚያው ጠፋ።

በተከታዩ ክረምት ሊቀመንበሩ ራሱ ጉንጩ አብጦ መጣ።

«እትዬ ትብለጥ፣ እባክዎ፤ እንቅልፍ በዐይኔ አልዞረም» አለ።

«ይቀመጡ፣ ጓድ» አለችውና ቀንዱን አወረደች።

ተረቱን እንደ ወትሮው ጀመረች። ጅቡ ለመነ፣ ፍየሏ አከመችው። ጅቡ ዋሻው የሚገባበት ቦታ ስትደርስ ግን እጇን ወደ አመዱ አልሰደደችም፤ ሌላ እፍኝ ፍሬ ፍሙ ላይ በተነች።

«ጅቡ ሊሄድ ሲነሳ ፍየሏ ‹ቆይ እንጂ፤ ግልገሌን የት አደረስኸው?› አለችው።»

ተረቱ እዚያ ድረስ ሲሄድ ሰምቼ አላውቅም ነበር። የምታደርገው ገባኝ፤ በልቤም ጨምሪለት አልሁ።

ሰውየው ጋቢውን ጣለ። ዐይኑ ፈጦ ማንም የሌለበትን በር ያያል።

«ደምሴ፣ ከመኪናው ውረድ» አለ። «የተጠራው የወንድሜ ልጅ ነው። እኔ ነኝ በእሱ ፈንታ አንተን የላክሁህ።»

ተራ የሚጠብቁት ጎረቤቶች ሁሉ ሰሙት። አክስቴ አንቱታውን ትታ «ጥርስህስ ተሻለህ?» አለችውና ያን ጊዜ ፍሙን አዳፈነች።

ልቡ እስኪመለስ ቤቱ ታስሮ ሰነበተ፤ አልሞተም። ሊከሳት ቢፈልግ የለፈለፈውን ሁሉ በአደባባይ ማስመስከር ነበረበትና ተወው። ደምሴ አልተመለሰም። አክስቴም ስሙን እንደጠራች አረፈች።

ከዚያ ምሽት የቀረኝ የዚያ ጭስ ሽታና በቀል ነው፤ ጭሱ እየራቀ ሲሄድ በቀሉ ግን አልሄደልኝም። ለልጆቼ ተረቱን ስነግር ጅቡን ዋሻው አስገብቼ አበቃለሁ፤ የቀረውን ለባለቤቱ አስቀምጬው ነበር። አምና በማርያም ንግሥ ሊቀመንበሩን አርጅቶ ዛፍ ሥር ተቀምጦ አገኘሁት። ይቅር ማለት ይገባኝ ይሆናል፤ አላልሁም። አጠገቡ ተቀምጬ «ጅብ ጥርሱን አሞት ፍየል ቤት ሄደ» ብዬ ጀመርሁ። ምርኩዙን ይዞ ሊነሳ ሞከረ፤ ጉልበቱ እምቢ አለው። እኔም ሳልቸኩል ፍየሏ ግልገሏን እስከጠየቀችበት ድረስ ነገርሁት።