የአያ ሰይድ መስፈሪያ

ለልጄ የሳል ሽሮፕ በክዳኑ ስለካ ስልኬ ጠራ። አውርቼ ስጨርስ የለካሁትን ወደ ጠርሙሱ መለስኩና እንደገና ጀመርኩ። ይህን የተረገመ አመል ያወረሱኝ አጎቴ አያ ሰይድ ናቸው።

ግራና የምትባል መንደር ሳለን ከርከሮ ማሽላችንን ሲያወድም፣ አያ ሰይድ ደጃፍ ተቀምጠው ባዶ ቀለህ ውስጥ ባሩድ ይሞላሉ። መስፈሪያቸው የሽቶ ክዳን ነበር። ትርፉን በጥፍራቸው ሲጠርጉ አላፊ አግዳሚው «አሰላሙ አለይኩም» ይላል። ይመልሳሉ፤ ከዚያ ባሩዱን ገልብጠው እንደገና ይሰፍራሉ።

«ቤት ገብተው ለምን አይሰፍሩም?» አልኳቸው ተናድጄ።

«ቤት እሳት አለ። ሰላምታ አይታለፍም። ልኩን የሳተ ጥይት ደግሞ ከከርከሮው በፊት ተኳሹን ይገድላል።»

እስኪመሽ የሞሉት አንድ ጥይት ነበር። ማሽላው አልቋል።

ልጄ ያስላል። ክዳኑን ሞልቼ አፉ ጋ ሳደርስ፣ ደጅ ላይ አንድ ሰው «አሰላሙ አለይኩም» አለ።